ኦርጅናሉን መልሱለት

ጎንደር ውስጥ ለሆቴል፣ ለካፌና ለሱቅ ባለቤቶች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በተለይ የምሳ ሰዓቱን ለሰው አደራ ብላችሁ የመጣችሁ ሆቴል ቤቶች ልባችሁ እዚያው ወጥ ቤት እንደሆነ ስለማውቅ አላስረዝምም።

በጥያቄ ልጀምር። እዚህ ካለነው መካከል የሠራተኛ ኦርጅናል ዲፕሎማ መሳቢያው ውስጥ የቆለፈ ስንት ሰው አለ? እጅ አውጡ አልልም። ልማዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስንቀጥር ዋስ አምጪ እንላለን፤ ካሸር ከሆነች ደግሞ ኦርጅናል ማስረጃዋን እንጨምራለን። ዋሱስ ይሁን፤ ገንዘብ የሚያስረክብ ሰው ዋስ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ወረቀቱን የምንይዘው ግን እንዳትሄድብን ነው። እሺ፣ አልሄደችም እንበል። ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ስልኳ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ታገላብጣለች። እንግዳ ገብቶ ሁለቴ ካልጠራ ቀና አትልም። ሒሳብ ስትቀበል አመሰግናለሁ ማለት ትታለች። ደመወዙን እየከፈልን ያስቀረነው እንግዲህ ይህንን ነው።

ሕጉም ቢሆን ከእኛ ጋር አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ሲለቅም የሠራውን ሥራ፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የሥራ ልምድ በነፃ ልንሰጠው ግዴታችን ነው። «ልምድ አልጽፍለትም፣ ያኔ ያየኛል» የሚል አሠሪ ስሰማ ይገርመኛል። እሱ የሚያየው ምንም የለም፤ ይህን ያዩ የቀሩት ሠራተኞች ግን ነገ በእነሱም እንደሚደርስ ይገባቸዋል።

«ታዲያ ምን እናድርግ? የሚሄዱት ለብር ነው» ትሉኛላችሁ። ከፊሉ እውነት ነው። የቤት ኪራዩን ከፍሎ፣ የዕቁቡን ጥሎ፣ ወሩን የማያደርስ ደመወዝ እየከፈልን ስለ ተነሳሽነት ብናወራ ሰሚ የለንም። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት በአሜሪካዋ ፒትስበርግ ከተማ አካባቢ የሚሠሩ ሁለት መቶ ያህል መሐንዲሶችና የሒሳብ ባለሙያዎችን በሥራችሁ ያስደሰታችሁ መቼ ነው፣ ያስከፋችሁስ መቼ ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። ደመወዝ፣ የአለቃ አያያዝና የመሥሪያ ቤት አሠራር በብዛት የተነሱት ከቅሬታ ጋር ነው፤ ሰውን የሚያተጉት ግን የሥራ ውጤት፣ ዕውቅና፣ ኃላፊነትና ዕድገት ሆነው ተገኙ። በእርግጥ የፒትስበርግ መሐንዲስና የፒያሳ አስተናጋጅ ኪሳቸው አንድ አይደለም። እኔ ግን ከዚህ የምወስደው ቁም ነገር አለ። ደመወዝ ሲያንስ ሰው ይከፋል፤ ሲበቃ ደግሞ ቅሬታው ይቀንሳል እንጂ ሥራውን የራሱ አድርጎ እንዲይዝ አያደርገውም። ያንን የሚያመጣው ሌላ ነው።

የማውቃት አንዲት የወጥ ቤት ኃላፊ ነበረች። ስሟንም ሆቴሉንም አልናገርም። ዘጠኝ ዓመት እዚያው ሠርታለች። ፆም የሚይዘውን እንግዳ ከማይይዘው ለይታ የምታውቅ፣ ቅቤ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው የምትናገር ሴት ናት። ልጇን ልትድር ስትል ፈቃድ ጠየቀች። «አሁን ሥራ በዝቷል፣ ክረምት ላይ ትወጫለሽ» ተባለች። ክረምት ገባ፣ እንግዳው ሳሳ፤ «እንግዲህ ያለ ደመወዝ ትንሽ ዕረፊ» አሏት። ምንም አልመለሰችም። መስከረም ላይ ማመልከቻዋን አስገባች፤ ከእሷ ሥር የሠለጠኑት ሁለቱ ልጆችም ተከትለዋት ወጡ። የሄደችበት ቤት ብዙ አልጨመረላትም።

አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ለዚህች ሴት ሃያ ቀን ይደርሳት ነበር ማለት ነው። ሃያውንም በአንድ ጊዜ አልጠየቀችም! የልጇን ሠርግ ብቻ ነው የጠየቀችው። ባለቤቱ ቀደም ብሎ የዓመቱን የፈቃድ ፕሮግራም አውጥቶ ቢሆን ኖሮ እሷም ቀኑን ታውቅ፣ እሱም ተተኪ ያዘጋጅ ነበር።

የእኛን ከተማ ጉዳይ ከሌላው ለየት የሚያደርገው ጥምቀት ነው። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. የመዘገበውን በዓል ለማየት እንግዳው ከዓለም ዙሪያ ይመጣል፤ አልጋችን የሚሞላው ያኔ ነው። አልጋውን የሚያነጥፈው ልጅ ግን የጎንደር ልጅ ነው። ታቦቱ ሲወጣ እሱም ነጭ ለብሶ መከተል ይፈልጋል፤ ጓደኞቹ ሲጨፍሩ በመስኮት ነው የሚሰማው። ተረኛውን ደግሞ ብዙዎቻችን የምንነግረው በከተራ ዋዜማ ነው፤ ያውም ጥር ዘጠኝ ቀን የለጠፍነውን ጥር አሥር ጠዋት እንቀይራለን። ከዚያ ልጁ ታምሜያለሁ ብሎ ሲቀር እንቆጣለን።

የማቀርበው ይህንን ነው። የጥር ተራ ሰሌዳ ከመስቀል በፊት ይለጠፍ። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ካሉት ሦስት ቀናት እያንዳንዱ ሠራተኛ ቢያንስ የአንዱ ቀን ግማሽ ይድረሰው፤ ዘንድሮ ጥምቀትን የሠራ ከርሞ ያክብር። በሕዝብ በዓል ለተሠራ ሰዓት የሰዓት ክፍያው እጥፍ እንደሆነ በአዋጁ ተጽፏልና «በኋላ እንተሳሰባለን» አንበል፤ ከዚያው ወር ደመወዝ ጋር ይከፈል። የተለጠፈ ሰሌዳ የሚቀየረውም ሠራተኛው ተጠይቆ ይሁን።

ስለ ሽልማት፣ ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ፎቶ ብዙ አልናገርም። ክፋት የለውም፤ ግን ፎቶው ተሰቅሎለት እንግዳ ፊት «አንተ ደደብ» የሚባል አስተናጋጅ አይቻለሁ። ስህተት ካለ በጓዳ ይነገር። ጥሩ ሲሠራ ደግሞ በአደባባይ፣ ምን እንደሠራ ተለይቶ ይነገር። «ጎበዝ» ብቻ ከማለት «ትናንት የአሥራ ሁለት ሰው ትእዛዝ ሳታደናግር አቀረብሽ» ማለት ይበልጣል፤ እንደታየች ታውቃለች።

ዕድገትን በተመለከተ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲና ከኮሌጅ ተመርቀው የሚመጡልን ልጆች ትሪ መሸከም ቅር አይላቸውም። የሚከፋቸው ከትሪው ቀጥሎ ምን እንዳለ የሚነግራቸው ሲጠፋ ነው። የስቶር ቆጠራ አስተምሯቸው። ከነጋዴ ጋር ዋጋ ስትነጋገሩ አብረው ይቀመጡ። ተምረው ቢሄዱብንስ የሚል ሥጋት አለ፤ አዎ፣ አንዳንዱ ይሄዳል። ሳይማር አሥር ዓመት የሚቀመጠው ግን የበለጠ ወጪ ያስወጣናል።

እንግዲህ ነገ ጠዋት መሳቢያችሁን ክፈቱ። የያዛችሁትን ኦርጅናል ኮፒ አስቀርታችሁ ለባለቤቱ መልሱ፤ ስትመልሱም «ምን ቢስተካከል እዚህ ትቆያለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የመጀመሪያው መልስ «ምንም የለም ጋሼ» ነው የሚሆነው። ትንሽ ታገሱት፤ ሁለተኛውን ይነግራችኋል።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው ካለ ጊዜ አለን።