ከረጢቱ ላይ ያለው የማን ስም ነው? በጌጥ ዓሣ አርቢዎች ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። አዳራሹን ያለ ኪራይ ለፈቀዱልን፣ ከአዳማና ከቢሾፍቱ ገና ሳይነጋ ተነሥተው ለመጡት፣ ሻይና ዳቦውን ላሰናዱት እኅቶቻችን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ወጉ ከዚህ ረዘም ያለ መግቢያ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ዛሬ ሰዓታችንን የሚፈልግ ሌላ ጉዳይ ስላለ ይቅርታችሁን ጠይቄ አልፈዋለሁ።

የዓመቱን የሥራ ክንውን ጸሐፊያችን በዝርዝር ስለሚያቀርቡት እኔ የምጠቅሰው ጥቂቱን ብቻ ነው። ለጫጩቶቻችን ምግብ የሚሆነውን የአርቴሚያ (የጥቃቅን የጨው ውሃ ሽሪምፕ) እንቁላል በጋራ ገዝተን በየቆርቆሮው ተካፍለናል። ለአዳዲስ አባላት ስለ ቤታ ዓሣ አረባብና ስለ ውሃ አያያዝ ሁለት ሥልጠና ሰጥተናል። እርስ በርሱ እየተዳቀለ ዝርያው እንዳይደክም ወንድ ጋፒ ዓሦችን የምንለዋወጥበት ቀን ሦስት ጊዜ ተካሂዷል፤ አራተኛው የቀረው በክረምቱ ዝናብ ምክንያት ነው ተብሎ በቃለ ጉባኤ ቢጻፍም፣ እውነቱን ለመናገር የቀረው ሰው ስላልመጣ ነው። የፈቃዱን ጉዳይ ይዘን የተመላለስንበት መሥሪያ ቤት እስካሁን «የሚበላ ነው ወይስ የማይበላ?» ከሚለው ጥያቄ አላለፈም። የማይበላ መሆኑን በጽሑፍ አስገብተን መልስ እየጠበቅን ነው።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሣኝ ጉዳይ ልግባ።

ከውጭ የሚመጣው ዓሣ ከእኛ ለምን እንደሚረክስ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም ዘንድሮ አንዳንዶቻችን የዘነጋነው ስለመሰለኝ ልድገመው። በታይላንድ፣ በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ አብዛኛው የጌጥ ዓሣ የሚያድገው ደጅ በተቆፈረ ኩሬ ወይም በግንብ ገንዳ ነው፤ ውሃውን ፀሐይ ታሞቅላቸዋለች፣ ከጫጩቱ ምግብም ከፊሉን ኩሬው ራሱ ያበቅልላቸዋል። ሲንጋፖር ከየአገሩ የተሰበሰበውን ተቀብላ ለዓለም ማከፋፈልን ከተካነችበት አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል። ታይላንድማ ቤታን እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ የውሃ እንስሳዋ አድርጋ ሰይማዋለች። እኛ ከሳሎናችን ጥግ ሆነን የምንወዳደረው እንግዲህ ከእነዚህ ጋር ነው። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ የኅዳርና የታኅሣሥ የሌሊት ብርዷ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ናት፤ ጋፒና አንጀልፊሽ ግን 25 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውሃ ይሻሉ። በመካከሉ ያለውን ልዩነት የሚሞላው ሂተር ነው፤ የሂተሩን ወጪ ደግሞ የምናነበው ከቆጣሪው ላይ ነው። አየራችን ስስ በመሆኑ ውሃችን ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን፣ በባሕር ዳርቻ ያለ እኩል የሞቀ ውሃ ከሚይዘው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው፤ ስለዚህ ፓምፑ ለአፍታም መቆም የለበትም። መብራት በሄደበት ሌሊት በጆግ እየቀዳ ውሃውን ከላይ እያንዠቀዠቀ ያላደረ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ በአደባባይ ከሕዝቡ ጋር ብናማርርም በልባችን ደስ ያለን ጥቂት አልነበርንም፤ እኔም አንዱ ነበርሁ። አስመጪው ሲያስወድድ ገዢው ወደ እኛ ይዞራል ብለን ነበር። ያላሰብነው ነገር ሂተሩም፣ ፓምፑም፣ አርቴሚያውም፣ ደረቅ ምግቡም በዚያው ዶላር የሚገባ መሆኑን ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ የመብራት ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ መጣ። የእነርሱ ዓሣ ተወደደ፣ የእኛም አብሮ ተወደደ፣ ልዩነቱ ግን ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። በዋጋ አሸንፈን አናውቅም፤ ወደፊትም የምናሸንፍበትን መንገድ እኔ አላየሁም።

ታዲያ ሰው ተጨማሪ ብር ከፍሎ የእኛን የሚገዛው ለምንድን ነው? ስለሚኖርለት ነው። ከውጭ የሚመጣው ዓሣ ከመጫኑ አስቀድሞ ሆዱ ባዶ እንዲሆን ምግብ ይከለከላል፤ ጥቂት ውሃና ብዙ ኦክስጅን ባለበት ፕላስቲክ ታስሮ አህጉር ያቋርጣል፤ ቦሌ ሲደርስ የሚጠብቀው ስስ አየርና ተወልዶ ያላየው ውሃ ነው፤ አንዳንዱ ሱቅ ደግሞ አንድ ሌሊት እንኳ ሳያሳርፈው ያን ዕለቱን ይሸጠዋል። ገዢው ቤት በገባ በሳምንቱ ተገልብጦ ሲንሳፈፍ ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ አባትየው አኳሪየሙን ወደ ዕቃ ቤት ያስገባዋል። የእኛ ጫጩት ግን ከሮቶ ተቀድቶ ክሎሪኑ እስኪወጣለት ባደረ በዚሁ በከተማው ውሃ ተወልዶ በዚሁ ያደገ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሰማያዊዋን ተለጣፊ ያሳተምነው፣ «በቤት የተረባ» ብለን የጻፍንባትና በ14 ቀን ውስጥ የሞተውን በነፃ እንተካለን ብለን ቃል የገባነው ይህንኑ ተማምነን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ልንተካ የተገደድነው ጥቂት ስለነበረ የመተኪያ ገንዘቡ ተርፎ ለአርቴሚያው ግዢ አበድረነዋል። እንዲያ ያለ ሥራ ሠርተን ነበር፤ ዛሬም ስናገረው ደረቴን ይነፋዋል።

በጥር ወር ግን ቅሬታ መምጣት ጀመረ። አንድ ደንበኛ ስድስት ዓሣ በአራት ቀን አለቀብኝ ብለው ከረጢቱን ከነተለጣፊው ይዘው መጡ። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ። በመጀመሪያ ውሃቸውን፣ ከዚያም አመጋገባቸውን ጠረጠርን፤ በራሳችን ላይ ጣት ለመቀሰር ማንም አልፈለገም። ነገሩን የገለጠው በስተመጨረሻ ኒዮን ቴትራ የሚባለው ቀይና ሰማያዊ ትንሽ ዓሣ ነው። በእኛው ተለጣፊ፣ «በቤት የተረባ» በሚለው ጽሑፍ ሥር፣ ኒዮን ቴትራ ተሸጦ ተገኘ። ኒዮን ቴትራ እንዲራባ በጣም ለስላሳና አሲድነት ያለው ውሃ እንደሚሻ፣ እንቁላሉም ከብርሃን እንደሚከለል ታውቃላችሁ፤ ከመካከላችን እስከ ዛሬ አንድ ጫጩት እንኳ ያወጣለት የለም። ያወጣ ቢኖርማ ድግስ በደገስንለት ነበር።

ኮሚቴው ማጣራት ሲጀምር አንድ የማከብራቸው አባት «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ተወው» ብለው መከሩኝ። ጎረጎርን፤ የወጣውም ዘንዶ የገዛ አባሎቻችን ነበሩ። የአንድ ሰው ጥፋት ቢሆን ኖሮ በምክር ባለፍነው ነበር። ከአስመጪ በጅምላ እየገዙ፣ በእኛ ከረጢት እያሰሩ፣ በእኛ ዋጋ የሚሸጡት አምስት ናቸው፤ ስማቸውን በዚህ መድረክ አልጠራም። ነገር ግን ለኮሚቴው የሰጡትን መልስ ልታውቁት ይገባል፤ ምክንያቱም መልሳቸው ቀላል አይደለም። አንደኛው «የቤት ኪራይ የምከፍለው በጫጩት አይደለም፤ ደንበኛ ቆሞ ቀይና ሰማያዊ ዓሣ ሲለኝ የለም ብዬ ልመልሰው?» ብሎናል። ይህን የሚለው ሰው ሦስት ልጆች አሉት። ሁለት ወር ሙሉ ያሳደገውን ጋፒ በሚሸጥበት ዋጋ አስመጪው ሁለት እያስገባ መሆኑንም አልካድሁበትም። የካድሁበት አንድ ነገር ነው፤ ከረጢቱ ላይ ያለው ስም የእርሱ ብቻ አይደለም። ኮተቤ የሚኖሩት እናታችን በዘንባላ ንጣፍ ድንጋይ ላይ የተጣለውን የአንጀልፊሽ እንቁላል ሌሊት እየተነሡ ሲጠብቁ፣ ሻጋታ የያዘውን አንድ በአንድ ሲለቅሙ፣ ያ ሁሉ ድካማቸው የሚሸጠው በዚያችው ተለጣፊ ነው። እርሳቸው በዚህ ዓመት ከአንድ ጥንድ ያወጡት አንጀልፊሽ፣ በዚህ ከተማ አየርና ውሃ አይቻልም ይባል የነበረ ሥራ ነው። ደንበኛው ግን የኮተቤውን ከአስመጪው የሚለይበት ዓይን የለውም፤ የሚያየው ሰማያዊዋን ወረቀት ነው፤ ባለፈው ጊዜ ያቺን ወረቀት አምኖ ዓሣው ሞቶበታል።

ከአምስቱ ሌላው በጽሑፍ በሰጡት መልስ «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ብለዋል። በተረቱ ውስጥ ያለው አናት እኔ ስለሆንሁ መልሱን በእናንተ ፊት እሰጣለሁ። ተሳስተዋል አልልም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ምግብ ቤት ብዛት ያለው ጥቁር ሞሊ አዝዞኝ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ያለኝ ከግማሽ አልበለጠም፤ የጎደለውን ከሱቅ ገዝቼ ሞላሁት። ተለጣፊውን አልለጠፍሁበትም፣ ከውጭ የመጣ መሆኑንም ግን ለደንበኛው አልነገርሁም። የተገዛውን ለሁለት ቀን ያቆየሁት ከራሴ ገንዳዎች አጠገብ ነበር፤ ለይቼ ሦስት ሳምንት ማቆየት እንደሚገባ በሥልጠናው ላይ የማስተምረው እኔው ራሴ ነኝ። በአምስተኛው ቀን በክንፎቻቸው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ አየሁ። በሽታውን ከገንዳ ገንዳ ያሻገረው ሳይደርቅ የነከርሁት መረቤ ነው። ውሃውን እስከ 30 ዲግሪ አሞቅሁ፣ ጨው ጨመርሁ፣ ዘግይቼ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ እየመረጥሁ ያቆየሁት የጋፒ ዘር በዚያ ሳምንት አለቀ። ዘሩ ለምን እንደጠፋ በጠየቃችሁኝ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ነው ብዬ ነበር። አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ ስለ መለየትና ስለ መመዝገብ ስናገር ከንጹሕ ሰው አፍ እንደማትሰሙት ዕወቁ።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ከጥር ወዲህ ለሞተው ሁሉ ምትክ ስንሰጥ የመተኪያው ሣጥን ባዶ ሆኗል፤ ለአርቴሚያ ያበደርነውም ገና አልተመለሰም። ገንዘብ ያዣችን ሂሳቡን ሲያነቡ የምትሰሙት አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ ብዙ ምትክ ያስወጣን ዓሣ ከማን እንደወጣና ወርኃዊ መዋጮውን ያቋረጠው ማን እንደሆነ ብታስተያዩ፣ ሁለቱ ዝርዝሮች እጅግ ይቀራረባሉ። በሐቀኝነት ያረባው አባል መዋጮ እየከፈለ የአስመጪውን ዓሣ ሲተካ ከርሟል ማለት ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በቁጣ ነው፣ አልሸሽገውም።

ከአምስቱ ዛሬ እዚህ የተገኙት ሁለት ናቸው። መምጣታቸውን አከብራለሁ፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ መወቀስ ይከብዳል። ያልመጡትን ግን ባይኖሩም አነጋግራቸዋለሁ፤ ቃሌን የሚያደርስላቸው ሰው በመካከላችን እንደማይጠፋ አውቃለሁና። ሳሪስ ያለኸው ወንድሜ፣ ሦስት ጊዜ ደውዬልህ ሦስቴም አንስተሃል፣ ሦስቴም እመጣለሁ ብለሃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥንድ ቤታ ከእኔ እጅ የወሰድህ ጊዜ ወንዱ አረፋውን ሠርቶ እንቁላሉን በአፉ እየለቀመ ሲያስቀምጥ ማታ ደውለህ «ና እየው» ያልኸኝን አልረሳሁም። ያ ሰው የት ሄደ? እርስዎም ቢሆኑ፣ ተረቱን የጻፉልኝ ታላቄ፣ ከመሥራቾቻችን አንዱ ነዎት፤ የተለጣፊዋን ቀለም የመረጡት እርስዎ ነበሩ። ሌሎች ደግሞ አሉ፤ ምንም ያላጠፉ፣ ግን ምንም ያላዋጡ፣ በስልክ ቡድናችን ላይ የሂተር ዋጋ ለመጠየቅ ብቻ የሚነቁ። ለእነርሱ የምለው አጭር ነው፤ ዛሬ ያለ እናንተ የሚወሰነው ደንብ በእናንተም ላይ ይሠራል።

ኮሚቴው ለውይይት የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የውጭ ዓሣ መሸጥ አይከለከልም፤ ለመከልከል ሥልጣኑም የለንም፣ ሰው እንጀራውን የሚያገኝበት ነው። ነገር ግን ያለ ተለጣፊ፣ ከውጭ የመጣ መሆኑ ተነግሮ፣ ከእርባታው ክፍል ውጭ ለሦስት ሳምንት ተለይቶ ቆይቶ ይሸጥ። ተለጣፊው ከእንግዲህ የአባሉን ቁጥርና ጫጩቱ የወጣበትን ወር ይያዝ፤ ምትኩን የሚከፍለውም ቁጥሩ የተጻፈበት አባል ራሱ ይሁን። በዓመት ሁለት ጊዜ በዕጣ የወጡ ሁለት አባላት የሌላውን ገንዳ ይጎብኙ፤ የመጀመሪያው ጉብኝት በእኔ ቤት ይሁን። አንዳንዶቻችሁ ይህ አለመተማመን ነው እንደምትሉ ሰምቻለሁ። አዎ፣ ነው። እምነቱ በጥር አልቋል።

ወጪያችንን ስለመቀነስ ከቢሾፍቱ የመጡት ወጣቶች ከሰዓት በኋላ የሚያቀርቡት ነገር ስላላቸው በእርሱ ላይ አልናገርም። ብቻ አንድ ነገር ልበል፤ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣውን፣ ለዓሣ ምግብ የሚሆነውን የስፒሩሊና (የውሃ አልጌ) ዱቄት በዶላር ተመን ስንገዛ፣ ያው ስፒሩሊና እነርሱ አጠገብ ባለው በአረንጓዴ ሐይቅ በተፈጥሮ ይበቅላል። የእነርሱን ቦታና ከእኛ የሚሻለውን ሙቀታቸውን ቀደም ብለን ልናስብበት ይገባ ነበር፤ ዓመቱን የበላው የተለጣፊው ጭቅጭቅ ነው።

ደንቡን ለማሻሻል የአባላት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ጸሐፊያችን በር ላይ የቆጠሩትን አሳይተውኛል፤ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል፣ ለማሻሻያው ግን አራት ሰው ይጎድለናል። ስለዚህ ድምፅ የምንሰጠው ከሻይ በኋላ ነው። እስከዚያ የሥራና የሂሳብ ሪፖርቱን እንሰማለን፤ የቀሩትን የሚያውቅ ሰው ወጣ ብሎ ይደውል። ሳሪስ ከዚህ ሩቅ አይደለም።