የቶርኖ ቸክ፣ ፑንታ እና ኩሽኔታ በየትኛው የታሪፍ ቁጥር ይመደባሉ?

ዛሬ በስልክ የደረሱን ጥያቄዎች ከብረታ ብረት መሥሪያ ማሽኖች ጋር ተያይዘው ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎችን የታሪፍ አመዳደብ የሚመለከቱ ናቸው። መልሱን የሰጡት በጉምሩክ ታሪፍ ላይ የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ፦ የምደውለው ከአዳማ ነው፤ አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። ባለ ሦስት መንጋጋ የቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ቸክ ማለትም መያዣ፣ የፑንታ መያዣ ቸክ እና የተለያየ መጠን ያላቸው ፑንታዎች (ብረት መብሻዎች) በአንድ ሳጥን አስመጥቼ ነበር። ትራንዚተሬ (የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽምልኝ ወኪል) ሁሉንም «የቶርኖ መለዋወጫ» ብሎ በአንድ የታሪፍ ቁጥር ዲክላራሲዮን ላይ ሞላው፤ ሰነድ መርማሪው ግን በሦስት ቁጥሮች ከፋፈለው። ትክክሉ የማን ነው?

መልስ፦ እንደነገሩን ከሆነ ትክክሉ የመርማሪው ነው። «የቶርኖ መለዋወጫ» የገበያ ስም ነው እንጂ የታሪፍ ስም አይደለም፤ ምደባው የሚመራው በኢንቮይሱ ላይ በተጻፈው ስም ሳይሆን በታሪፍ ቁጥሮቹ አገላለጽ እንዲሁም በክፍሎቹና በምዕራፎቹ ማስታወሻዎች ነው። የታሪፍ ቁጥር 84.66 ከ84.56 እስከ 84.65 ባሉት ቁጥሮች ለተመደቡ ማሽኖች ብቻ ወይም በዋናነት ለእነርሱ የሚሆኑ ክፍሎችንና ተጓዳኝ ዕቃዎችን ይይዛል፤ ቶርኖ ራሱ በ84.58 ስለሚመደብ የእርስዎ ሁለት ቸኮች ወደዚህ ቁጥር ይመጣሉ። ይሁን እንጂ በውስጡ ይለያያሉ። ባለ ሦስት መንጋጋው ቸክ የሚይዘው የሚሠራውን ብረት ስለሆነ 8466.20 ሲሆን፣ የፑንታ መያዣው ደግሞ የሚይዘው ቆራጩን መሣሪያ ስለሆነ 8466.10 ነው። ሁለቱም በወርክሾፕ «ቸክ» መባላቸው ብዙ ሰው ያሳስታል።

ፑንታዎቹ ግን ጭራሽ ከምዕራፍ 84 ይወጣሉ። ማሽኖችን የሚመለከተው የክፍል 16 ማስታወሻ፣ በማሽን ላይ እየተቀያየሩ የሚሠሩ የምዕራፍ 82 መሣሪያዎችን ከክፍሉ ስለሚያስወጣ፣ ብረት መብሻ ፑንታ በ82.07፣ በዝርዝሩም በ8207.50 ይመደባል። እኔ ለአስመጪዎች ዘወትር የምሰጠው መለያ ይህ ነው፦ ዕቃው ራሱ ብረቱን የሚቆርጥ፣ የሚበሳ ወይም የሚልግ ከሆነ መጀመሪያ ምዕራፍ 82ን ይክፈቱ፤ የሚይዝ፣ የሚያስተካክል ወይም የሚመራ ከሆነ ደግሞ 84.66ን። ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን ከብዙ ክርክር ያድናል። እነዚህ ስድስት አኃዞች ሃርሞናይዝድ ሲስተም የተባለውን ዓለም አቀፍ የዕቃዎች መመደቢያ ሥርዓት በሚጠቀሙ አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው፤ ከእነርሱ ቀጥሎ ያሉት ግን የየአገሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ በቶርኖ ቢላዋ ጫፍ ላይ የሚገጠሙት ትንንሽ የካርባይድ (በጣም ጠንካራ የመቁረጫ ቁስ) ቁራጮችስ? እነርሱም ፑንታው ከገባበት ይገባሉ?

መልስ፦ ለብቻቸው፣ ከእጀታ ጋር ሳይያያዙ ከመጡ በ82.09 ይመደባሉ። በብረት እጀታ ላይ ተበይደው የቶርኖ ቢላዋ ሆነው ከመጡ ግን የተሟላ መሣሪያ ስለሆኑ 8207.80 ናቸው። ስለዚህ ኢንቮይሱ «ካርባይድ» ብቻ ካለ ለመርማሪው አይበቃም፤ መገጠሙና አለመገጠሙ በግልጽ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ የቆየ ማሽን እየጠገንኩ ነው። ሞተር፣ ኩሽኔታ (ቤሪንግ)፣ የጎማ ቺንጋ፣ ጥርስ (ጊር)፣ ቡሎን እና የኮምፒውተር መቆጣጠሪያ አዝዣለሁ። ሻጩ ሁሉም ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠሩ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ሰጥቶኛል። ደብዳቤው በ84.66 ያስገባልኛል?

መልስ፦ ብዙ ሰው በዚህ ደብዳቤ ይተማመናል፤ ለእነዚህ ዕቃዎች ግን ብዙም አይረዳም። የክፍል 16 ማስታወሻ ቁጥር 2 የማሽን ክፍሎችን በቅደም ተከተል ያያል። በመጀመሪያ፣ ክፍሉ ራሱ በምዕራፍ 84 ወይም 85 ውስጥ የራሱ ቁጥር ያለው ዕቃ ከሆነ፣ ለየትኛውም ማሽን ይሠራ፣ በዚያው በራሱ ቁጥር ይመደባል። በመሆኑም ሞተሩ በ85.01፣ ኩሽኔታው በ84.82፣ ጥርሱ በ84.83፣ መቆጣጠሪያው በ85.37 ይገባል። «ለዚህ ማሽን ብቻ» የሚለው ማስረጃ የሚሠራው ይህን የመጀመሪያ ወንፊት ላለፉት ነው፤ ለምሳሌ ለማሽኑ አልጋ፣ በላዩ ለሚንሸራተተው አካል ወይም ቴልስቶክ ለሚባለው ክፍል፣ እነርሱም ቶርኖን በተመለከተ 8466.93 ይሆናሉ። የጎማ ቺንጋውና ቡሎኑ ደግሞ ከክፍል 16 ውጭ ናቸው፤ ቺንጋው በ40.10፣ የብረት ቡሎኑ በ73.18 ይመደባል። ማሽኑ አንድ ቢሆንም ዲክላራሲዮኑ ስድስት መስመር ይኖረዋል ማለት ነው፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ከመከራከር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ዕቃ ቆንጥጦ የሚይዘው ሞርሳስ?

መልስ፦ በጠረጴዛ ላይ ታስሮ ለእጅ ሥራ የሚያገለግለው ሞርሳ 8205.70 ነው። በፍሬዛ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ወይም በትራፓኖ (የመብሻ ማሽን) ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር የማሽን ሞርሳ ግን ሥራ መያዣ ስለሆነ 8466.20 ነው፤ የ82.05 አገላለጽ ራሱ የማሽን ተጓዳኝ የሆኑትን ሞርሳዎች ያስወጣል። ፎቶግራፍና የካታሎግ ገጽ ከሰነዱ ጋር ያያይዙ።

ጥያቄ፦ አዲስ ቶርኖ ከነቸኩ ገዛሁ፤ ሻጩ ግን ቸኩን ረስቶ ከሁለት ወር በኋላ ለብቻው ላከው። ገንዘቡ በአንድ ውል የተከፈለ ስለሆነ ከማሽኑ ጋር አብሮ ሊታይልኝ አይገባም?

መልስ፦ ቸኩ ከማሽኑ ጋር በአንድ ጭነት ቢመጣ ኖሮ፣ ከማሽኑ ጋር በተለምዶ የሚቀርብ ተጓዳኝ ስለሆነ ማሽኑን ተከትሎ በ84.58 ይመደብ ነበር፤ ከዚያ በላይ የተጨመሩ መጠባበቂያ ቸኮች ግን ያኔም ቢሆን በራሳቸው ቁጥር ይመደባሉ። የታሪፍ ምደባ የሚመለከተው ዕቃው ለጉምሩክ ሲቀርብ ያለበትን ሁኔታ ስለሆነ፣ ውሉ አንድ መሆኑ አሁን ብቻውን የመጣውን ቸክ ማሽን አያደርገውም፤ 8466.20 ተብሎ ይሞላል። ዋጋው በመጀመሪያው ዲክላራሲዮን ውስጥ ተካቶ ቀረጥ ተከፍሎበት ከሆነ ግን ያ የምደባ ሳይሆን የዋጋ ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያውን ኢንቮይስና የማሸጊያ ዝርዝር ይዘው ያንን ለብቻው ያመልክቱ።