ለስህተቱ ስም እናውጣለት

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሠራሁት የክፍያ ገጽ ላይ አንዲት እናት ሁለት ጊዜ ከፈሉ። ብሩ ከሂሳባቸው ወጥቷል። መልሱ ሳይደርሳቸው ግን ኔትወርክ ተቋረጠ። የእኔ ገጽ ምን አላቸው? «ስህተት ተፈጥሯል፤ እንደገና ይሞክሩ።» እሳቸውም አምነውኝ ሞከሩ። ብር ላነሰውም፣ ስልክ ቁጥር ለተሳሳተውም የሚወጣው ያው መልእክት ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ገጾቻችንን የምንጽፍበት ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ የራሱ የስህተት ዓይነቶች አሉት፤ ታይፕኤረር፣ ሬንጅኤረር፣ ሲንታክስኤረር እያለ ይቀጥላል። እነዚህ ግን የደንበኛው ብር ማነሱን አያውቁም። ያንን የምናውቀው እኛ ነን። ስም የምናወጣለትም እኛው ነን።

ገጻችን ሰርቨሩን የሚጠይቅበትን ፌችን ተመልከቱ። ሰርቨሩ 404 (አልተገኘም) ወይም 500 (ሰርቨሩ ላይ ችግር አለ) ብሎ ቢመልስ እንኳ ፌች ስህተት አይወረውርም። መልሱ ላይ ጥያቄው መሳካቱን የሚነግረውን «ኦኬ» አይተን መወርወር የእኛ ፋንታ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ የሚወረውረው ታይፕኤረር ነው። ኦብጀክት ላይ የሌለ ፈንክሽን ብንጠራም የሚመጣው ታይፕኤረር ነው! የመስመር መቋረጥና የእኛ የኮድ ግድፈት አንድ ስም ይዘው ይመጣሉ። የተወረወረውን ስህተት በምንይዝበት ካች ውስጥ በምን እንለያቸው?

መፍትሔው ቀላል ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. የቋንቋው እትም ወዲህ ክላስ፣ ማለትም የራሳችንን ዓይነት፣ ጽፈን መሠረታዊውን የስህተት ዓይነት ኤረርን በኤክስቴንድስ መውረስ እንችላለን። ሦስት እንሥራ፦ «ሂሳብ አነሰ»፣ «ግቤቱ ልክ አይደለም»፣ «መልስ አልደረሰም»። ፌች የወረወረውን እዚያው ይዘን «መልስ አልደረሰም» ብለን እንወርውረው። የ2022ቱ እትም ባመጣው «ኮዝ» ዋናውን ስህተት አብረን እናያይዘው፤ በኋላ መነሻውን ስንፈልግ ይጠቅመናል። የስህተቱን ስም የሚይዘውን «ኔም»ንም ሙሉት፤ ካልሞላችሁት «ኤረር» እንደተባለ ይቀራል።

ከዚያ ካች ውስጥ ስህተቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በኢንስታንስኦፍ እንጠይቃለን። ሂሳብ ካነሰ ስንት ብር እንደጎደለ እንነግራቸዋለን። ግቤት ከተሳሳተ የትኛው ሳጥን እንደሆነ እናሳያለን። መልስ ካልደረሰ ግን «እንደገና ይሞክሩ» አንበል! መጀመሪያ ክፍያው መግባት አለመግባቱን ከሰርቨሩ እናጣራ። የማናውቀው ዓይነት ከመጣም አፍነን አናስቀረው፤ መልሰን እንወርውረው።

እባካችሁ፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የክፍያ ኮዳችሁን ክፈቱ። ካቹ ውስጥ ስንት ዓይነት ችግር በአንድ መልእክት እንደታጨቀ ቁጠሩ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ገንዘብ የሚነካውን ለዩት።

አመሰግናለሁ።