ብርጭቆው ስንት ይይዛል?

ሜሮን፦ የዛሬው ርዕሳችን ሲጋራ፣ ካናቢስና መጠጥ ነው፤ ማን ምን ይጠቀማል? ሳሚ፣ ከሲጋራው ጀምር።

ሳሚ፦ ሲጋራው አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኢትዮጵያውያን ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ናቸው። ወንዶች 8.1፣ ሴቶች 1.8። አለቀ። አሁን ወደ ጠላ...

ሜሮን፦ ቆይ እንጂ! ገና መግባታችን ነው!

ሳሚ፦ ጉዱ ያለው ጠላው ላይ ነው። ለጥናት ቤት ለቤት የሚዞረው ጠያቂ «ስንት ብርጭቆ ጠጡ?» ይላል። ብርጭቆው ስንት ይይዛል?

ሜሮን፦ ይኸው፣ ጀመረው።

ሳሚ፦ ስሚኝማ። በዓለም ጤና ድርጅት አቆጣጠር አንድ መደበኛ መጠጥ የሚባለው 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። ሚሊ ሊትሩን በአልኮሉ መቶኛ፣ ከዚያ በ0.79 ታበዢዋለሽ። 330 ሚሊ ቢራ በ5 በመቶ፣ 13 ግራም። 50 ሚሊ ዳገም አረቄ በ45 በመቶ፣ ወደ 18።

ሜሮን፦ አንዲት መለኪያ ከቢራ በለጠች?

ሳሚ፦ በለጠች! መዝገቡ ላይ ግን ሁለቱም «አንድ» ናቸው። ጠላ ደግሞ ይብሳል። የቢራው መጠን ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ጠላውን አንዷ ታቀጥነዋለች፣ ሌላዋ ታወፍረዋለች። ድግስ ላይ ደግሞ ጣሳው ሳይጎድል ይሞላል፤ ጠጪው ራሱ ቁጥሩን አያውቀውም።

ሜሮን፦ ታዲያ ምን ይደረግ?

ሳሚ፦ ጠያቂው የሰፈሩን ጣሳ፣ ብርሌና መለኪያ ይዞ ይግባ። ቀድሞ ውኃ ሞልቶ ይለካቸው። «ስንት ጠጡ» ሳይሆን «ስንት ጊዜ ተቀዳልዎት፣ ሲቀዳ ምን ያህል ቀርቶ ነበር» ይበል። ብርጭቆው ስንት...

ሜሮን፦ ይበቃል! ሴቶችስ? እነሱ እምብዛም አይጠጡም ይባላል።

ሳሚ፦ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወታቸው አልኮል ጠጥተው የሚያውቁ ሴቶች 35 በመቶ፣ ወንዶች 46 በመቶ ናቸው። ከትምባሆው ጋር አስተያዪው! ጠላ ቤት ውስጥ ይጠመቃል፣ ማኅበር ላይ ይቀዳል።

ሜሮን፦ «ጠጥተው የሚያውቁ» ሲባል እኮ አንዴ የቀመሰችም ትቆጠራለች።

ሳሚ፦ እሺ፣ እውነት ነው። ግን ልዩነቱ...

ሜሮን፦ ሶማሌ ክልልና አማራ ክልልም በአንድ አማካይ ውስጥ ናቸው።

ሳሚ፦ እሱን አልክድም። ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው እላለሁ፤ ጠላው በደንብ ቢለካ...

ሜሮን፦ ተመለሰ! ትምባሆው ራሱ ሲጋራ ብቻ አይደለም። በውኃ የሚጨሰው ጋያ አለ፣ የማይጨሰው ሱረት አለ። «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ብለህ ብቻ ከጠየቅህ ሱረት የሚይዘው ሰው «አላጨስም» ብሎህ ይሄዳል። እውነቱን ነው!

ሳሚ፦ ለዚህ ነው እያንዳንዱ በስሙ መጠየቅ ያለበት።

ሜሮን፦ ካናቢስስ? ሰዓታችን አለቀ።

ሳሚ፦ ወንጀል ነው፤ ቤቱ ድረስ መጥቶ ለሚጠይቅ እንግዳ ማን ይናገራል? ስም የሌለበት ወረቀት ራሳቸው ሞልተው፣ አሽገው ቢመልሱ ይሻላል። ይህ ግን ማንበብ ለሚችል ነው፤ ስለዚህ ተማሪዎች ላይ ይሠራል፤ ከዚያ ወጥቶ ስለ ሻሸመኔ ገበሬ መናገር አይቻልም።