ስማቸው ይቀረጽ፣ ደንቡም ይውጣ
(በአስኮ በአርበኞች ቀን ዋዜማ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የአርበኛ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ የአስኮና የአካባቢው ነዋሪዎች፣ በመካከላችን የተገኛችሁ የምክር ቤት አባላት፤ እንኳን ለሚያዝያ 27 አደረሳችሁ።

ስለ ድሉ ነገ ብዙ ይነገራልና እኔ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። ለሴት አርበኞች መታሰቢያ የሚያቆም ደንብ ምክር ቤቱ እንዲያወጣልን ያቀረብነው ጥያቄ ነው።

በደጃችን የሚያልፈው የአምቦ መንገድ ሆለታን ተሻግሮ አዲስ ዓለም ይደርሳል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ሀብታቸውን ሸጠው ለአርበኞች መሣሪያና መድኃኒት ላኩ። ጣሊያን አስሮ አሰቃያቸው፣ ባሕር አሻግሮ በሀገሩ ወዳለው አዚናራ ደሴት አጋዛቸው። ተመልሰውም አላረፉም፤ በአዲስ ዓለም ምሽግ ላይ በተደረገው ውጊያ ተሰለፉ። ወይዘሮ ከበደች ስዩም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሳ በ1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ሲገደሉ ማቅ ለብሰው አልተቀመጡም፤ ጦር መርተው ዘመቱ። በየማለዳው እዚህ ታክሲ የሚሰለፉ ልጆቻችን ስንቶቹ እነዚህን ስሞች ሰምተዋል?

እነዚህስ በታሪክ ተጽፈዋል። ያልተጻፉትስ?

አያቴ በወረራው ዘመን ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ለአርበኞች የሚያደርሱትን ጥይት በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ከቅሉ ሥር ያኖሩና ቅቤውን ከላይ ይሞሉበታል። ኬላ ላይ ወታደሩ ጣቱን ሰዶ ቀምሶ ያሳልፋቸዋል። አንድ ቀን ጣቱን ወደ ታች ገፋ ሲያደርግ አያቴ እጁን መትተው፣ «ገበያዬን አበላሸህብኝ!» ብለው ጮኹበት፤ ሰው ሲሰበሰብ ተወት አደረጋቸው። ነፃነት ሲመለስ አያቴ ከባላቸው ጋር በአርበኝነት ሊመዘገቡ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዱ። ጸሐፊው «አለቃሽ ማን ነበር?» አላቸው። የአለቃቸውን ስም ጠሩ፤ ሰውየው ግን ሞቷል። «መሣሪያሽስ?» አለ። «ቅል» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ባልየው ሜዳልያ ተሰጣቸው፤ አያቴ ያንን ሳቅ ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። በዚያ ቅል የተሻገረውን ጥይት ማን ተኮሰው? ሜዳልያ ያጠለቁት አይደሉም እንዴ?

ስለዚህ ስም የለሽ ሐውልት አንቀበልም! እንስራ ያዘለች አንዲት ሴት ከነሐስ ቀርጾ «ለእናቶች» ብሎ መጻፍ አያቴን ዳግመኛ ያለ ስም መመለስ ነው። ስማቸው ከነአባታቸው ስም ይቀረጽ!

ለምን በደንብ? ቃል በየዓመቱ ይገባልናል፤ ሹሙ ሲዛወር ቃሉም አብሮት ይዛወራል። ደንብ ግን ቦታውን ይከልላል፣ በጀት ያስይዛል፣ የሚጠየቀውን መሥሪያ ቤት ይለያል። እኛ ስንነጋገር ባዶው መሬት ሁሉ እየታጠረ ነው። ከአዚናራ እስር የተመለሱት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1950 ዓ.ም. የሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነዋል። በስደትና በእስር ያለፈች ሴት ለሀገር ሕግ ስታወጣ አይተናል፤ ለእርሷና ለጓደኞቿ አንድ ደንብ ማውጣት እንዴት ይከብዳል?

ውሃና መንገድ ይቅደም የምትሉ አላችሁ። ውሃውንም እንጠይቃለን፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የመታሰቢያው ጽሑፍ በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን።

የምክር ቤት አባላት፣ ጉዳዩን በሚቀጥለው ጉባኤ አጀንዳ አስይዙልን። ወገኖቼ፣ በሩ አጠገብ መዝገብ ተዘርግቷል። የእናታችሁን፣ የአያታችሁን ስም፣ ሰፈሯንና የሠራችውን ሥራ ሳታስመዝግቡ አትሂዱ። አመሰግናለሁ።