ወረቀታችሁን ማን እንዲያነበው ትፈልጋላችሁ?

ለአየር ንብረት ተመራማሪዎችና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አራት ኪሎ የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣

እንደምን አደራችሁ። በዚህ ዝናብና በዚህ የመንገድ መዘጋጋት አራት ኪሎ ድረስ በሰዓቱ መምጣታችሁን አደንቃለሁ። አዘጋጆቹ ስለ ጆርናል ምርጫ ተናገር ብለውኛል። ርዕሱ ደረቅ ይመስላል። ግን ቴሲሱን ጨርሶ፣ ተመርቆ፣ ፎቶውንም ተነስቶ «አሁን ይሄን የት ነው የምልከው?» ብሎ ግራ የተጋባ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት እንዳልሆነ አውቃለሁ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ጆርናሎቹ የሚሠሩት በዚያ ነው።

አንድ ቁጥር ላስቀድም። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል፣ አይፒሲሲ የምንለው፣ በ2022 ባወጣው ሪፖርት ውስጥ ስለ አፍሪካ አንድ ምዕራፍ አለ። እዚያ እንደተጻፈው፣ ከ1990 እስከ 2019 በዓለም ለአየር ንብረት ምርምር ከወጣው ገንዘብ አፍሪካን ለማጥናት የዋለው 3.8 በመቶ ነው። ከዚያችው ላይ ደግሞ አፍሪካ ውስጥ ላሉ ተቋማት የደረሰው 14.5 በመቶ ብቻ። 78 በመቶው የሄደው ለአውሮፓ ኅብረትና ለሰሜን አሜሪካ ተቋማት ነው። እንግዲህ በዚህች ፍርፋሪ የተሠራ፣ ገጠር ለገጠር ተዙሮ፣ ዳታ ለማግኘት ደብዳቤ ይዞ ተመላልሶ የተገኘ ጥናት ማንም በማያየው ቦታ ሲቀበር ያንገበግባል።

አይፒሲሲ ራሱ አዲስ ምርምር አይሠራም። የታተመውን አንብቦ ነው የሚመዝነው። ቀነ ገደብም አለው። በዚያ በ2022ቱ ሪፖርት ለመካተት አንድ ጥናት እስከ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ድረስ በጆርናል ተቀባይነት ማግኘት ነበረበት። ያ ቀን ካለፈ አለፈ። ሰባተኛው ዙር በ2023 ተጀምሯል። ስለዚህ የት እንደምትልኩ ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደሚፈጅም ማሰብ አለባችሁ።

ብዙዎቻችን የምናደርገው ምንድን ነው? መጀመሪያ ወረቀቱን እንጽፋለን። ከዚያ ጆርናሎችን በኢምፓክት ፋክተር እንደረድርና ከላይ እንጀምራለን። ከላይኛው ሲመለስ ወደሚቀጥለው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው። በየደረጃው ወራት ይሄዳሉ። ወረቀቱም ያረጃል፣ ጸሐፊውም ይሰለቻል። በመጨረሻ «በቃ የትም ይውጣ» ላይ ይደረሳል። ትልቁ አደጋ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ኢምፓክት ፋክተር ማለት አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዚህ ዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ ተጠቀሱ ነው። አማካይ ነው እንግዲህ። ጥቂት ዝነኛ ወረቀቶች ቀሪውን ተሸክመውት ሊሆን ይችላል። ስለ እናንተ ወረቀት የሚናገረው ነገር የለም። ሁለት ዓመት ደግሞ ለእኛ ሙያ አጭር ነው። ስለ በልግ ዝናብ የተጻፈ ጥናት ትክክለኛ አንባቢውን በአምስትም በአሥርም ዓመቱ ሊያገኝ ይችላል። ዶራ የሚባለው የ2012ቱ የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ ተመራማሪን በጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር አትመዝኑ ብሏል። «መግለጫው ጥሩ ነው፤ የእኛ የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ግን አልሰማም» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኔም ከኮሚቴ ጋር ተጣሉ አልልም። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ መርጠው የያዟቸውን ጆርናሎች የሚመዘግቡ ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋቶች ናቸው። ኮሚቴው የሚጠይቀው ስኮፐስ ከሆነ ስኮፐስን፣ ዌብ ኦፍ ሳይንስ ከሆነ ዌብ ኦፍ ሳይንስን እዩ። ሁለቱም የጆርናል ዝርዝራቸውን በነፃ ያሳያሉ። ያቺን አጥር ያለፉትን ጆርናሎች ግን በሌላ ጥያቄ መዝኗቸው። ይህን ወረቀት ማን እንዲያነበው ነው የምፈልገው?

በደንብ የምናውቀውን ዓይነት ወረቀት እንውሰድ። የአንድ ዞን የሠላሳ ዓመት ዝናብና ሙቀት። የለውጥ አዝማሚያ መኖሩን የሚፈትሸው ማን-ኬንዳል ተሠርቷል፣ የለውጡን መጠን የሚለካው ሴን ስሎፕ ወጥቷል። መደምደሚያው «ሙቀቱ ጨምሯል፣ ዝናቡ ላይ ግን የጎላ ለውጥ አልታየም» ይላል። እንዲህ ያለ ወረቀት ለግምገማ በብዛት ይደርሰኛል። የሚቀያየረው የዞኑ ስም ነው። አንዳንዴማ መግቢያው ሳይቀር አንድ ነው። የዓለም አቀፍ ጆርናል አርታኢ ይህን ሲያይ ለገምጋሚ እንኳ አይልከውም። ብዙ ሳይቆይ «ፋይዳው አካባቢያዊ ነው» የምትል አጭር ኢሜይል ትመጣለች። ተማሪው ይከፋዋል። «አፍሪካ ስለሆነ ነው» ይላል። አድልዎ የለም ብዬ አልከራከርም፤ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ወረቀቱ ለዚያ ጆርናል አንባቢ የሚሆን ጥያቄ ስላልያዘ ነው።

ዳታውን ሳንነካ ጥያቄውን እንለውጥ። በልግ ለምን ይዘገያል፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት ጋር ምን አገናኘው ካላችሁ አንባቢያችሁ የክላይማቶሎጂ ሰው ነው። ኢንተርናሽናል ጆርናል ኦፍ ክላይማቶሎጂን ወይም ክላይሜት ዳይናሚክስን አስቡ። የሳተላይቱ ዝናብ ከጣቢያው መለኪያ ጋር ይስማማል ወይ ካላችሁ ሌላ አንባቢ አለ። ቺርፕስ የሚባለውን የሳተላይት ዝናብ ዳታ በምሥራቅ አፍሪካ የፈተሸው የእነ ቱፋ ዲንቁ ጥናት በ2018 የወጣው በእንግሊዙ ሮያል ሜትሮሎጂካል ሶሳይቲ ኳርተርሊ ጆርናል ላይ ነው። እዚያ የሚያነቡት የመለኪያን ነገር ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ገበሬው ዝናቡ ሲዛባ ምን ዘር ቀየረ፣ ምን ከብት ሸጠ ካላችሁ ክላይሜት ኤንድ ዲቨሎፕመንት አለ፣ ክላይሜት ሪስክ ማኔጅመንት አለ።

የአዋሽ ወይም የዓባይ ፍሰት ምን ሆነ ካላችሁ ደግሞ ጆርናል ኦፍ ሃይድሮሎጂ ሪጅናል ስተዲስን ተመልከቱ። ይሄኛውን እወደዋለሁ። አጭር ማጠቃለያውን፣ አብስትራክቱን፣ በሦስት ንዑስ ርዕስ ከፍላችሁ እንድትጽፉ ያስገድዳል። የጥናቱ አካባቢ፣ የጥናቱ ትኩረት፣ ከዚያ ለአካባቢው የተገኘ አዲስ የሃይድሮሎጂ ግንዛቤ። ሦስተኛዋ ላይ እጃችሁ ከቆመ ወረቀቱ ገና አልደረሰም ማለት ነው። ወደዚያ ባትልኩትም ሞክሯት፤ ለራሳችሁ ትጠቅማችኋለች።

«ለውጥ የለም» የሚል ውጤትስ ማን ያትመዋል? ያትሙታል። የስለሺና የዛንከ ጥናት በ2004 ኢንተርናሽናል ጆርናል ኦፍ ክላይማቶሎጂ ላይ ወጥቷል። ከ1965 እስከ 2002 በመካከለኛው፣ በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የዝናብ አዝማሚያ አላገኘም። በምሥራቅ፣ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ግን፣ ጅጅጋን፣ ነጌሌንና ጎሬን ይዞ፣ ከ1982 ገደማ ወዲህ መቀነስ አየ። ይኸው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በእኔ አስተያየት ወረቀቱን ያቆመው የት አለ፣ የት የለም ብሎ አገሩን ማነጻጸሩ ነው። እናንተም ያላችሁ የአንድ ዞን ዳታ ብቻ ከሆነ ጎረቤት ዞን የሠራውን ጓደኛችሁን ፈልጉት። ሁለት ቀጫጭን ወረቀት ከሚወጣ አንድ ወፍራም ይሻላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ብዙ ተማሪ «ጥሩ ጆርናል ብር ይፈልጋል» ብሎ ገና ሳይሞክር ይተዋል። ልብ በሉ፤ እውነቱ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። ኢንተርናሽናል ጆርናል ኦፍ ክላይማቶሎጂም፣ ክላይሜት ዳይናሚክስም፣ ቲዮረቲካል ኤንድ አፕላይድ ክላይማቶሎጂም ሁለት መንገድ አላቸው። ኦፕን አክሰስ፣ ማለትም ማንም በነፃ የሚያነበው፣ ይሁን ካላችሁ ትከፍላላችሁ። አንባቢው በሚከፍልበት በደንበኝነት መንገድ ይውጣ ካላችሁ ደራሲው አይከፍልም። ኔቸር ክላይሜት ቼንጅ እንኳ እንደዚያው ነው። የኔቸር ጆርናሎች በ2020 የኦፕን አክሰስ ዋጋቸውን 9,500 ዩሮ ብለው ሲያሳውቁ ብዙ ሰው ደንግጧል፤ ያ ግን ለከፋዩ መንገድ ነው።

ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆኑትስ? ኢትዮጵያ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው፣ ለድሃ አገሮች ተቋማት የምርምር ጽሑፍ በሚያቀርበው ፕሮግራም፣ ምድብ ሀ ውስጥ ናት። በዚያ መሠረት ትልልቆቹ አሳታሚዎች ሙሉ በሙሉ ክፍት በሆኑት ጆርናሎቻቸው ላይ ክፍያውን ይተዋሉ። እዚህ ላይ ግን ጥቃቅኑን ጽሑፍ አንብቡ። አንዱ አሳታሚ የኮረስፖንዲንግ ኦተሩን፣ ማለትም ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፈውን ደራሲ፣ አገር ብቻ ያያል። ሌላው ደራሲዎቹ በሙሉ የት አገር እንዳሉ ያያል። ጀርመን ያለው ሁለተኛ አማካሪያችሁ ስሙ ሲገባ ነፃ መሆኑ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ሰብሚት ከማድረጋችሁ በፊት ኢሜይል ጻፉና መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ዶላር ፍለጋ መሯሯጥ፣ በተለይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ ምን እንደሚመስል ያየው ያውቀዋል።

ስለ ግምገማ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ሃይድሮሎጂ ኤንድ ኧርዝ ሲስተም ሳይንስስ የሚባለው ጆርናል የገምጋሚዎቹን አስተያየትና የደራሲዎቹን መልስ በግልጽ ያወጣል። ማንም ገብቶ ያነባል። ዓባይን የሚመለከት አንድ ወረቀት ፈልጉና ክርክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቡት። ገምጋሚ ምን እንደሚጠይቅ ከዚህ ከእኔ ንግግር የበለጠ ያስተምራችኋል።

አሁን «የትም ይውጣ» ወዳልኩት ልመለስ። ኢሜይላችሁን ክፈቱ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምር አለ፤ እናንተ ገና ማስተርስ አልጨረሳችሁም። በልብ ሕክምናም፣ በሲቪል ምህንድስናም፣ በአየር ንብረትም እናትማለን ይላል። በአምስት ቀን እንገመግማለን ይላል። ሞኛችሁን ፈልጉ በሏቸው። በ2013 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ምርመራ ነበር። ጋዜጠኛው ሆን ብሎ በስህተት የተሞላ የውሸት ወረቀት ጽፎ ለ304 ኦፕን አክሰስ ጆርናሎች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ብልሃቱ ረቋል። የእውነተኛ ጆርናል ስምና መለያ ቁጥሩን፣ አይኤስኤስኤኑን፣ ሰርቆ አስመሳይ ድረ ገጽ የሚከፍት አለ። አይኤስኤስኤን ቁጥር ነው፤ የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። ቀላሉ መንገድ ሊንኩን ከኢሜይሉ አለመጫን ነው። ከስኮፐስ ወይም ከዌብ ኦፍ ሳይንስ ዝርዝር፣ ክፍት ከሆነም የኦፕን አክሰስ ጆርናሎች ማውጫ ከሆነው ከዶአጅ ተነስታችሁ ወደ ጆርናሉ ግቡ። ከዚያ የአርታኢዎቹን ስም እዩ፣ የሁለቱን የዩኒቨርሲቲ ገጽ ፈልጉ። በቅርቡ የወጣ አንድ ወረቀት አንብቡ። እናንተ የምታውቁት ወረዳ ካርታ ላይ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ካገኛችሁ ማንም አልገመገመውም።

ዝርዝር ውስጥ መኖርም ዘላለማዊ አይደለም። በ2023 ዌብ ኦፍ ሳይንስ ከ50 በላይ ጆርናሎችን በአንድ ጊዜ አስወጥቷል፤ በጣም ትልልቆችም ነበሩበት። ዓምና ጓደኛችሁ ያሳተመበት ዘንድሮም አለ ብላችሁ አትገምቱ። በምትልኩበት ቀን እዩት።

የአገር ውስጥ ጆርናልን የሚንቅ ሰው አልወድም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ጆርናል፣ ሲኔት፣ ከ1978 ጀምሮ አለ። ከ1998 ጀምሮ ያለው አጆል፣ የአፍሪካ ጆርናሎች መድረክ፣ የአህጉራችንን ጆርናሎች ከዓለም ጋር ያገናኛል። የጥናታችሁ ዋና አንባቢ የክልሉ ግብርና ቢሮ ባለሙያ ከሆነ በደንበኝነት የተዘጋ የውጭ ጆርናል እሱ ዘንድ አይደርስም። እንዲያ ሲሆን ወይ ክፍት ቦታ አሳትሙ፣ ወይ አሳታሚው በሚፈቅደው መሠረት ተቀባይነት ያገኘውን ረቂቅ በክፍት ማከማቻ አስቀምጡ። የ2019ኙ የአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ኦፕን አክሰስ ፖሊሲም በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር በክፍት ማከማቻ እንዲቀመጥ ነው የሚጠይቀው። እዚህ አራት ኪሎ ትምህርት ሚኒስቴር ጎረቤት ተቀምጠን ፖሊሲውን ያነበበ እጁን ያውጣ ብል እንዳላፍር እፈራለሁ።

ዳታውን አትርሱ። ጆርናሎች ዳታችሁ የት እንዳለ እንድትገልጹ ይጠይቃሉ። የሜትሮሎጂ ጣቢያ ዳታ የወሰዳችሁት በስምምነት ከሆነ በራሳችሁ ፈቃድ ኢንተርኔት ላይ አትጭኑትም። የአሜሪካ ጂኦፊዚካል ዩኒየን ጆርናሎች ደግሞ «ደራሲውን ጠይቁ» የሚለውን መልስ አይቀበሉም። ይህን ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ጆርናል ስትመርጡ እዩት። ዳታ ሰጪውን ተቋምም ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ምን ማውጣት እንደሚቻል በደብዳቤ ይንገራችሁ።

በመጨረሻ ከወረቀቱ ጋር ስለሚላከው ደብዳቤ። ብዙው «ይህን ጥናት በተከበረው ጆርናላችሁ...» ብሎ ጀምሮ አብስትራክቱን መልሶ ጽፎ ያበቃል። አርታኢው ማወቅ የሚፈልገው ምን አዲስ ነገር እንዳገኛችሁና የእሱን አንባቢ ለምን እንደሚመለከት ነው። ጆርናሉ በቅርብ ያወጣውን ተዛማጅ ጥናት ጥቀሱና የእናንተው ምን እንደጨመረበት ንገሩት። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ለሁለት ጆርናል በአንድ ጊዜ አትላኩ፤ ክልክል ነው፣ ይታወቃልም።

አብስትራክታችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ከሻይ በኋላ ወደ ፊት ኑ፤ አብረን ጆርናል እንፈልግለታለን። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። አመሰግናለሁ።