ራግቢ፦ ልዑል ዓለማየሁ የተማረበት ቤት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ አንድ የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፣ ስለ ራግቢ። ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እኔን ግን ወደዚህ የሳበኝ ኳሱ ሳይሆን የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ስለ መቅደላ ስናወራ ዘውዱን እንቆጥራለን፣ ታቦታቱን እንቆጥራለን፣ ልጁንም እናነሳና ወዲያው እንግሊዝ አገር፣ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ያለው መቃብሩ ላይ እንደርሳለን። መሃል ላይ ያሉት የትምህርት ዓመታትስ? ልጁ ያደገው እኮ እዚያ ውስጥ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው ሎረንስ ሸሪፍ የሚባል፣ ለቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ሸቀጥ ያቀርብ የነበረ የለንደን ነጋዴ ነው። በ1567 ሲናዘዝ የራግቢ ከተማና የአካባቢው ልጆች በነፃ የሚማሩበት ቤት እንዲከፈት ብሎ ገንዘብና ለንደን ዳር ያለች መሬት ተወ። በኋላ ለንደን ስትሰፋ ያቺ መሬት መሃል ከተማ ገባች። ኪራይዋም ትምህርት ቤቱን አበለፀገው። ሀብቱ ስም አመጣ፣ ስሙ ደግሞ ከሩቅ እየከፈሉ የሚማሩ የጌቶች ልጆችን አመጣ። የሰፈሩ ልጆች ቀስ በቀስ ዳር ተገፉ፤ በ1878 ለእነሱ በሸሪፍ ስም ሌላ ትምህርት ቤት እስከመክፈት ተደረሰ። ይሄ ነገር በጣም ያንገበግበኛል። ሰውየው የተናዘዘው ለእነሱ ነበር።

ተማሪዎቹ ደግሞ የዋዛ አልነበሩም። በ1797 ርዕሰ መምህሩ ለተሰበረ መስኮት ክፈሉ ሲላቸው አመፁ። የክፍሉን በር በባሩድ አፈረሱት፣ ወንበርና ጠረጴዛውን ሜዳ ላይ አውጥተው አቃጠሉት፣ ከዚያ ውሃ በከበባት ጉብታ ላይ መሸጉ። ያስወረዳቸው ወታደር ነው። ልጆች ናቸው እንግዲህ!

በ1828 ቶማስ አርኖልድ የሚባል ቄስ ርዕሰ መምህር ሆነ። እስከ 1842፣ እስከሞተበት ቀን ድረስ እዚያው ነበር። የተቀበረውም በትምህርት ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ትልቁ ሥራው የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎችን የታናናሾቹ አለቃ ማድረግ ነበር፤ ሥርዓት የሚያስከብሩት እነሱ፣ የሚቀጡትም እነሱ። ታናሹ ለታላቁ ዳቦ ይጠብሳል፣ ክፍሉን ያፀዳል፣ ይላላካል። የእኛ የቆሎ ተማሪም ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ለየኔታና ለታላላቆቹ ይታዘዛል። ልዩነቱ የቆሎ ተማሪ እየለመነ የሚማር የድሃ ልጅ ሲሆን፣ የራግቢው ታዛዥ ነገ አገር ሊገዛ የሚዘጋጅ የጌታ ልጅ መሆኑ ነው። ማዘዝን የሚማረው በመታዘዝ ጀምሮ ነው።

ወደ ልጁ ልምጣ። በ1868 ሚያዝያ መቅደላ ወደቀች፣ አፄ ቴዎድሮስ ሞቱ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ እንግሊዞቹ ወደ ባሕሩ ሲመለሱ መንገድ ላይ አረፉ። ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። የተረከበው እንግሊዛዊው መኮንን ካፒቴን ስፒዲ፣ የእኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ የሚሉት፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ነበር። ልጁም ተጣበቀበት። የእንግሊዝ መንግሥት ግን ትምህርት ቤት ይግባ ብሎ ከእሱ ለየው። መጀመሪያ ቼልተንሃም ገባ፤ የዚያ ርዕሰ መምህር ጄክስ ብሌክ በ1874 ወደ ራግቢ ሲዛወር ልጁንም ይዞት ሄደ።

እኔም አዳሪ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት የሚዘጋ ቀን ግቢው ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ፦ በገመድ የታሰረ የቆርቆሮ ሳጥን በር ላይ ተደርድሮ፣ የአንዱ አጎት የሌላው አባት እየመጣ ስም ሲጠራ። ዘበኛው ስሜን እስኪጠራ ድረስ እግሬ መሬት አይረግጥም ነበር። አዳሪ ቤት የሚቻለው ያ ቀን ስላለ ነው። ጥፊውም፣ ብርዱም፣ የታላላቆች ትእዛዝም የሚቻለው ቤት ስላለ ነው። የእንግሊዙም ልጅ ያው ነው፤ የገና በዓል ሲደርስ ባቡር ተሳፍሮ እናቱ ዘንድ ይሄዳል። ዓለማየሁስ? እሱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ የሚሄደው ሌላ ሰው የወሰነለት ቤት ነው። አርኖልድ የተከለው ሥርዓት ቤት ያለውን ልጅ ለማጠንከር የተሠራ ነው። ቤት የሌለውን ልጅ ምን ያደርገዋል ብሎ የጠየቀ ያለ አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ፣ ዌብ ኤሊስ የሚባል የራግቢ ተማሪ በ1823 ኳስ በእጁ ይዞ ሮጠ፣ ጨዋታውም ከዚያ ተጀመረ የሚለው ዝነኛ ታሪክ ተጽፎ የወጣው በ1876 ነው፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ። በጽሑፍ የሚታወቀው የጨዋታው ሕግ የ1845 ነው፣ ያረቀቁትም ተማሪዎቹ ናቸው። ለሃምሳ ዓመት ወሬ ግድግዳ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ያቆመ ትምህርት ቤት የእኛን ልጅ ታሪክም ለተማሪዎቹ በወግ ቢያስተምር ደስ ይለኛል።

ዓለማየሁ በ1878 ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፣ አልሆነለትም። ከዚያ ሊድስ፣ አስተማሪው ዘንድ ሄደ። በኅዳር 1879 በሳንባ ሕመም ሞተ፣ በ18 ዓመቱ። ንግሥት ቪክቶሪያ በማስታወሻቸው ላይ በባዕድ አገር ብቻውን፣ አንድም የኔ የሚለው ዘመድ ሳይኖረው እንደኖረ ጽፈዋል። ያዩት ነገር እውነት ነው፤ ብቻ የጻፉት ከሞተ በኋላ ነው። አፅሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሌሎቹን መቃብሮች ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም አለ። ለእኔ ይሄ መልስ አይደለም፤ ጥያቄው መቀጠል አለበት።

አዳሪ ቤት ያደጋችሁ፣ ዊንጌትም ሆነ ሌላ ቦታ፣ በተለይ ለዕረፍት የሚወስዳችሁ አጥታችሁ ግቢ ውስጥ የቀራችሁ ካላችሁ፣ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩልኝ። በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ።